«በጥቁር ቴፕ ሸፍነው»

ናይኮን ዚ 9 የሚባለው ካሜራ ኦክቶበር 28, 2021 ይፋ ሲሆን ስቱዲዮአችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። የምንሠራው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ነው፣ ሥራችን በአብዛኛው የሀበሻ ሰርግ ነው፣ ተክሊል ያነሳ ሰው ደግሞ ሜካኒካል ሹተር (ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው፣ ድምፅ የሚያወጣው መጋረጃ) ጭራሽ የሌለው ካሜራ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ቤተክርስቲያኑ ፀጥ ባለበት ሰዓት የምንሠራበት የናይኮን ዲ 850 ውስጥ ያለው መስታወት ባነሳህ ቁጥር ቀጭ ሲል ዲያቆኑ ሁሉ ዞሮ ነው የሚያይህ። ዲ 850ም እኮ ላይቭ ቪው ላይ፣ በጀርባው ስክሪን እያየህ ስታነሳ ማለት ነው፣ ድምፅ አልባ አለው፣ ግን ፎከሱ ይዘገያል፣ የኤልኢዲ መብራት ካለ ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይጥልብሃል፣ ሰው ፈጠን ብሎ ከተንቀሳቀሰም ይጣመማል። ዚ 9 ግን ሴንሰሩ ስታክድ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት ስለሆነ ምስሉን ቶሎ ያነባል፣ 45.7 ሜጋፒክሰል ይዞ በሰከንድ 20 ሮው (ጥሬ ፋይል) ፎቶ ያለ ምንም ድምፅ።

ጋሼ፣ ባለቤቱ ማለቴ ነው፣ ወዲያው ፕሪ ኦርደር አደረገ። ያኔ 5,500 ዶላር ገደማ ነበር፣ ለኛ ስቱዲዮ ቀላል ብር አይደለም። ካሜራው በዲሴምበር መጨረሻ መላክ ጀመረ፣ ግን እኛ ጋ የመጣው ኤፍቲዚ አዳፕተሩ፣ የድሮ ሌንሶችን ከአዲሱ ካሜራ ጋር የሚያገናኘው፣ ብቻ ነበር፣ ካሜራው ራሱ የለም። ያኔ ቺፕ በዓለም ላይ ጠፍቶ ነበር፣ ሶኒ እንኳን በዚያው ዲሴምበር ጃፓን ውስጥ የአንዳንድ ሞዴሎችን ትዕዛዝ መቀበል አቁሞ ነበር፣ ናይኮንም ትዕዛዙ ከጠበቅነው በላይ ነው ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ዲ 850 በ2017 ሲወጣም እኮ ለወራት ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ መጠበቁ እኔን ምንም አላለኝም፣ እንዲህ ዓይነት ዕቃ የፈለገ ሰው ይጠብቃል፣ በቃ።

እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ጋሼ ገና ባዘዘበት ሳምንት የካሜራውን ፎቶ ፔጃችን ላይ ለጥፎ «ተክሊልዎን ያለ ድምፅ እናነሳለን» ብሎ ጻፈበት። በዚያ ምክንያት ከጥምቀት በኋላ የምታገባ አንዲት ሙሽራ መጣች። አባቷ ካህን ናቸው፣ ተክሊሉ ላይ እሳቸውም ይቆማሉ፣ የታላቅ እህቷ ሰርግ ላይ የፎቶ አንሺዎቹ ካሜራ ቀጭ ቀጭ ሲል ጸሎቱን እንዳልሰሙት ነግረውናል አለች። ሌላ ጋ ርካሽ አግኝታ ነበር፣ እኛን የመረጠችው ለዚህ ብቻ ነው። ጋሼም «እስከዚያ ይደርሳል እህቴ፣ አትስጊ» ብሎ ቀብድ ተቀበለ።

ጥር ገባ፣ ካሜራው የለም። የገዛንበት ሱቅ በደወልን ቁጥር ተራችሁን ጠብቁ ነው መልሱ። ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ጋሼን «ለልጅቷ ምን እንበላት?» አልኩት። እሱ ኮምፒውተሩ ላይ እንዳለ ዞር እንኳን ሳይል፦

«ምንም አትላትም። ዲ 850ው ላይ ግሪፑን ከሥር ግጠምበት፣ ዚ 9 ይመስላል፣ ስሙን በጥቁር ቴፕ ሸፍነው። ማን ይለየዋል?»

«ድምፁስ ጋሼ?»

«አንተ ደግሞ፣ ቀስ ብለህ ታነሳዋለሃ!»

ይሄ ንግግር እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ቴፕ መለጠፍ በኛ ሥራ ነውር አይደለም፣ ካሜራው እንዳይታይ፣ ሌባ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ብሎ የሚለጥፍ ብዙ ነው። ግን አንድ ሰው ከፍሎ የጠየቀህን ነገር አለ ለማስባል ስም መሸፈን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ ማጭበርበር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ደግሞ የማን ሰርግ ላይ? አባቷ መስቀል ይዘው በሚቆሙበት። የተክሊል ፎቶ እኮ ሪሹት የለውም፣ አክሊሉ አንዴ ነው የሚጫነው።

ማታ ቤቴ ሆኜ ደወልኩላት። ካሜራው እንዳልደረሰ፣ መቼ እንደሚደርስም እንደማናውቅ፣ ቀብዷን መልሳ ወስዳ ሌላ ሰው መፈለግ ከፈለገች መብቷ እንደሆነ ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ታዲያ አንተ ብትሆን እንዴት ታነሳዋለህ ወንድሜ?» አለችኝ። እኔም ያለኝን ነገርኳት፦ ከኋላ ሆኜ ከሩቅ በሚያቀርበው 70-200 ሌንስ እሠራለሁ፣ ሰው የማይንቀሳቀስበትን በላይቭ ቪው ያለ ድምፅ አነሳለሁ፣ በመስታወቱ የማነሳው መዝሙር ሲዘመርና እልልታ ሲሆን ብቻ ነው፣ አባትሽ ጸሎት በሚያደርሱበት ሰዓት ግን ካሜራውን አውርጄ እቆማለሁ፣ ስለዚህ ከዚያ ክፍል ፎቶ አይኖርሽም።

«አይኑር። እኔም ፎቶ ከሚበዛልኝ ጸሎቱን ብሰማው ይሻለኛል» አለች። ውሏን አላፈረሰችም።

ጋሼ በማግስቱ ሰማ። «የኔን ክላይንት ማን ደውል አለህ?» ብሎ ሠራተኛው ሁሉ ፊት ጮኸብኝ። ክላይንቱ የሱ ነው፣ ልክ ነው። ግን ቤተክርስቲያን ገብቶ ያንን ካሜራ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው እኔ ነኝ፣ ልጅቷ ብትጠይቀኝ ዓይኗን እያየሁ የምዋሸውም እኔ ነኝ። ይሄንኑ ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ከሥራ ውጪ አልተነጋገርንም።

ሰርጉ እንዳልኳት ሆኖ አለፈ። ጸሎቱ ላይ ያላነሳሁት ቦታ አልበሙ ውስጥ ይታወቃል፣ የጎደለ ነገር እንዳለ ፎቶ የሚያውቅ ሰው ያየዋል። ያ ቅር ይለኛል፣ አሁንም። ካሜራው ቢኖር ኖሮ አባትየው እጃቸውን ልጃቸው ራስ ላይ የጫኑበትን አነሳው ነበር።

ካሜራው የመጣው ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ነው፣ ተክሊል በሌለበት ሰዓት። ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ኤፕሪል 20, 2022፣ ፈርምዌር 2.0፣ የካሜራው ሶፍትዌር አፕዴት፣ ተለቀቀ፣ 8ኬ ቪዲዮ በሰከንድ በ60 ፍሬም በሮው መቅረጽ የሚያስችለው። ጋሼ «አየህ፣ የጠበቀ ሰው ሙሉውን አገኘ» አለኝ። አልመለስኩለትም እንጂ አፕዴቱ ለሁሉም በነፃ ነው፣ በዲሴምበር የደረሰው ሰውም እኩል አገኘው፣ በመሃል ያለውን የሰርግ ወቅት ደግሞ ሠርቶበታል። መጠበቅ ግድ ሲሆን ይጠበቃል፣ ያተርፋል የሚለውን ግን እኔ አላየሁም።

ናይኮን ዚ 8 የሚባለው ሌላ ካሜራ ሜይ 10, 2023 ይፋ ሲሆን ጋሼ በዚያው ቀን ፖስተሩን ሥራልኝ ብሎ ላከብኝ። «ዕቃው እጃችን ሲገባ እሠራዋለሁ» ብዬ መለስኩለት። ተቆጣ፣ ግን ለሌላ ሰው አላሠራውም።