ኪስ ያለው ቀሚስ

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን አራት ኪሎ ወደሚገኝ ልብስ ሰፊ የመነን ጨርቅ ይዤ ሄድሁና በሁለቱም ጎኑ ኪስ ያለው የሐበሻ ቀሚስ እንዲሰፋልኝ ጠየቅሁት። ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ በመሆኑ ኪሱ የቀሚሱን አወራረድ እንዳያበላሸው ሰጋ፤ «እህቴ፣ ቦርሳ ትይዢ የለ?» አለኝ። ቦርሳ እይዛለሁ። ነገር ግን ደመወዜን፣ የቤቴን ቁልፍና ስልኬን ከገላዬ ሳላርቅ ሁለት እጄን ነጻ አድርጌ ለመሄድ የምፈልግበት ምክንያት ነበረኝ።

እናቴ ገንዘቧን የምትይዘው በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ነበር። ከአስቤዛው ላይ ቆጥባ ያስቀረችውን ብር ሰው በሌለበት ታስረውና ለደብተር፣ ለዕቁብ ወይም ድንገት ለመጣ ሐዘን ቋጠሮውን በጥርሷ አላልታ ትፈታዋለች። የዚያ ዘመን ሴት የራሷ ነገር አልነበራትም ሲባል የማልስማማው ይህን እያየሁ ስላደግሁ ነው፤ ነበራት፣ ግን ደብቃ ነበር። እናቴ ባገባችበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። ባልና ሚስት በትዳር ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው የደነገገው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የወጣው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ እኔ ደግሞ ያገባሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ከልብስ ሰፊው ወጥቼ ሽቅብ ወደ ስድስት ኪሎ ስሄድ ሁልጊዜ የማስበው ሌላ ነገር አለ። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዚያ በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ግቢ የሴቶች የፋሽን ትርኢት ተዘጋጅቶ፣ ትርኢቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው የተቃወሙ ተማሪዎች ለማየት የመጡትን ሴቶች እስከ መምታት ደረሱ። ድሃ በበዛበት አገር ስለ ቅንጦት መጠየቃቸው ተገቢ ነበር እላለሁ፤ ሆኖም እነርሱ የለበሱት ኮትና ሱሪም ከባሕር ማዶ የመጣ ሆኖ ሳለ፣ የአገር ክብር የሚለካው በሴቷ ቀሚስ እርዝመት ብቻ የሆነበትን ምክንያት እስከ ዛሬ ሊገባኝ አልቻለም። ዛሬም ሱሪ ለብሳ ቢሮ የምትገባዋን «ባህላችንን ረሳሽ» የሚላት አይጠፋም፤ ያቺው ሴት በበዓል ጥለቱ እስከ እግሯ የወረደ ቀሚስ ለብሳ ስትወጣ ግን የሁለቱንም ልብስ ዋጋ የከፈለችው ራሷ መሆኗን የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ቀሚሱ ለከተራ ደረሰ። ልብስ ሰፊው ኪሱን ከጎን ስፌቱ ውስጥ ስለ ሸሸገው አወራረዱ አልተበላሸም። እናቴ እጇን እስከ አንጓዋ ከትታ ጥልቀቱን ለካችና «ለእኔም አሠሪልኝ፤ መቀነቱ ግን አይቅር» አለችኝ።