ቬሳክ በኮሎምቦ

ግንቦት 5 ቀን 2017፣ ኮሎምቦ

ትናንትም ዛሬም መጠጥ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው። ሥጋ ቤቱም እንደዚያው። ቬሳክ ነዋ! የቡድሃ ልደት፣ እውነት የበራለት ቀንና ዕረፍቱ፣ ሦስቱም በአንድ ሙሉ ጨረቃ ይታሰባሉ። ስሪላንካ ውስጥ ሙሉ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ሥራ ዝግ ነው፤ ቀኑን ፖያ ይሉታል። ቬሳክ ግን የሁሉም አውራ ስለሆነ ሁለት ቀን ይከበራል።

ትናንት ጠዋት ቤቱ በእንግድነት ከተቀበለኝ ከአስተናጋጄ እናት ጋር ቤተ መቅደስ ሄድኩ። ከላይ እስከ ታች ነጭ ለብሰዋል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ለሐበሻ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። የሎተስ አበባቸውን አኖሩ፣ የኮኮናት ዘይት መብራት አበሩ፣ ዕጣን ለኮሱ። ከዚያ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦበታል በሚባለው ዓይነት ዛፍ ጥላ አረፍ አሉ። በዚህ ቀን ስምንት ሕግጋት ይጠብቃሉ። ከቀትር በኋላ እህል አይቀመስም፣ ዘፈንና ጌጥም የለም።

"አንተ ሂድና ብላ፤ እኔ ዛሬ ሥራ ላይ ነኝ" አሉኝ እየሳቁ።

ሲመሽ ከተማው ሌላ ሆነ። በየደጁ ከቀርከሃና ከስስ ወረቀት የተሠራ ፋኖስ ተሰቅሏል። አደባባዩ ላይ ደግሞ ቶራን የሚሉት ፎቅ የሚያክል ሰሌዳ ቆሟል። ከቡድሃ የቀድሞ ሕይወቶች አንዱን በሥዕል ይተርካል፣ አምፖሉ ይርመሰመሳል፣ ድምፅ ማጉያው ታሪኩን በግጥም ያወርደዋል። እውነቱን ለመናገር ዐይኔን አደከመኝ። እኔ የወረቀቱን ፋኖስ እመርጣለሁ።

ልቤን የወሰደው ዳንሳል ነው። ሰፈርተኛው ገንዘብ አዋጥቶ መንገድ ዳር ድንኳን ይተክልና አላፊ አግዳሚውን በነፃ ያበላል። ሩዝ በወጥ፣ የተቀቀለ ካሳቫ፣ ሽምብራ፣ አይስክሬም፣ ያገኙትን ሁሉ። የጤና ተቆጣጣሪዎች ሳይቀሩ እየዞሩ ምግቡን ያያሉ። ሃይማኖትህን የሚጠይቅ የለም። ወጣቶቹ ባንዲራ እያውለበለቡ መኪና ያስቆማሉ። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭና ብርቱካናማ ያለበት የቡድሂስቶች ባንዲራ ነው፤ መጀመሪያ የተሰቀለውም እዚሁ ኮሎምቦ በ1885 እ.ኤ.አ. በዋለው ቬሳክ ነው።

ከሁለት ድንኳን በኋላ "ጠግቤያለሁ" ብዬ ላልፍ ስል አንዱ ልጅ ፊቱ ጥቁር አለ። የእኛን "በሞቴ" አስታወሰኝ። አስተናጋጄ ግን ነገሩ ከይሉኝታ በላይ መሆኑን ነገረኝ። መስጠት ለሚመጣው ሕይወት ስንቅ ነው። "ካልበላህለት ምኑን ሰጠ?" አለኝ። ለካ ውለታ የምውለው እኔ ነኝ! ተመልሼ ሽምብራዬን ተቀበልኩ።

ሁሌ እንዲህ አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. ከፋሲካው የቦምብ ጥቃት በኋላ ቬሳክ ጭር ብሎ አለፈ። በ2022 እ.ኤ.አ.ም ነዳጅና መብራት ጠፍቶ ነበር። የዘንድሮው ግርግር ሰውን ለምን እንዲህ እንዳስደሰተው ያኔ ገባኝ። ትራፊኩ ግን አያድርስ ነው።

ዛሬ ማታ በጋንጋራማያ ቤተ መቅደስ በኩል ወደ ቤይራ ሐይቅ እንወርዳለን። ምሳ እንዳልበላ ተነግሮኛል።