«ነጥቡ ተበላሽቷል»

ለጥበቃ ክፍላችን የጠመንጃ መነጽር ሊገዛ ሲታሰብ ከግዢ ክፍል የመጣው ሰነድ ላይ የሰፈረው መስፈርት አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «የተሻለ የሚያጎላ»። እኔ መሣሪያ ጥገና ላይ ነኝ። ጠመንጃዎቻችን 5.56 ሚሊሜትር፣ የኤአር-15 ዓይነት ናቸው፤ ከላያቸው ፒካቲኒ ሐዲድ (ጥርስ ያለው የመነጽር መግጠሚያ) ስላላቸው የትኛውም መነጽር ይገጠምባቸዋል። ጭቅጭቁ የተነሳው የቱ ይሻላል በሚለው ላይ ነው።

ለሙከራ ሦስት ዓይነት ናሙና መጣልን፤ ምንም የማያጎላ፣ የምታበራ ነጥብ ብቻ የሚያሳይ ሬድ ዶት፣ አራት እጥፍ የሚያጎላ ፕሪዝም (ብርሃን የሚያጥፍ መስታወት ያለው አጭር መነጽር)፣ እና ከአንድ እስከ ስድስት እጥፍ የሚቀያየር መነጽር። የግዢ ኃላፊው የመጨረሻውን አንስተው «ይኸው፤ አንድ ላይ ሲሆን ሬድ ዶት ነው፣ ስድስት ላይ ሲሆን የአልሞ ተኳሽ መነጽር ነው። ሌላው ለምን ያስፈልጋል?» አሉ። ወረቀት ላይ እውነታቸውን ነው። የተኩስ አሠልጣኛችን ሃምሳ አለቃ ግን «ጌታዬ፣ ሳይተኮስበት አይፈረምበት» ብሎ አስቆማቸው።

ተኩስ ሜዳ ላይ መጀመሪያ የተመለሰልን ሬድ ዶቱ ነው። ከጥበቃዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባት ሁለቴ አንስተው አዩና «ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል። ነጥብ የምትሉት የታለ? የተጨፈለቀ ሸረሪት ነው የሚታየኝ» ብለው አስቀመጡት። ሌላ ሰጠናቸው፤ ያው ሸረሪት። ከወጣቶቹም አንዱ ነጥቡ ወደ ጎን ተጎትቶ እንደሚታየው ተናገረ። የግዢ ኃላፊው ወዲያው ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ፤ «ናሙናው ብልሽት አለበት» ብለው ሊጽፉ ነው።

ሃምሳ አለቃ የሞባይሉን ካሜራ ከመነጽሩ ኋላ ደግኖ ፎቶ አነሳና ለሁላችንም አሳየን። ፎቶው ላይ ያለችው ነጥብ ክብ ናት። ከዚያ አባትን «እስቲ ጭንቅላትዎን ሳያንቀሳቅሱ ጠመንጃውን ብቻ ቀስ ብለው ያዙሩት» አላቸው። ጠመንጃው በጎኑ ሲተኛ የሸረሪቷ እግሮች አልዞሩም፤ በነበሩበት አቅጣጫ ቀሩ። ጉድለቱ የመነጽሩ ቢሆን ኖሮ ቅርጹ ከመነጽሩ ጋር ይዞር ነበር። አስቲግማቲዝም ነው። የዓይናቸው የፊት ሽፋን ክብነት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ስላልሆነ ትንሽ ብርሃን ይበተንባቸዋል። ሬድ ዶት ደግሞ ሥራው ሁሉ በዚያች ትንሽ ብርሃን ላይ ነው፤ ከኤልኢዲ ተነስታ የፊተኛው መስታወት ላይ ነጥራ ወደ ዓይን ትመጣለች። የብርሃኑን መጠን ብዙ ደረጃ ዝቅ ስናደርግላቸው ሸረሪቷ እግሯን ሰበሰበች፤ ፈጽማ ግን አልጠፋችም። (ደህና ዓይን ያለውም ሰው ቢሆን ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍቶ ነጥቡ ተበተነብኝ ሲል አጋጥሞኛል። ከሁሉ በፊት እሱን ዝቅ ማድረግ ነው።)

ፕሪዝሙን ስንሰጣቸው ፊታቸው በራ። እዚያ ውስጥ የማለሚያው መስቀል መስታወቱ ላይ ተቀርጿል፤ የኋላውን ቀለበት ለራሳቸው ዓይን ሲያስተካክሉት ጥርት ብሎ ታያቸው። ባትሪ ቢያልቅም መስቀሉ አይጠፋም። ችግሩ ሌላ ጋ ነው። እንዲህ ያሉት መነጽሮች ዓይን በጣም እንዲጠጋቸው ይፈልጋሉ፤ ታዋቂው ትሪጂኮን ኤኮግ ቲኤ31 ለምሳሌ 38 ሚሊሜትር ያህል ነው። የእኛም ናሙና ከዚያ ብዙ አይርቅም። በሸሚዝ ሲተኩሱ ምንም አላሉም። ጥይት መከላከያ ሰደርያና ቆብ ሲደረግ ግን ሰደፉ ወደ ፊት ይገፋል፣ ፊት ወደ ኋላ ይቀራል፣ መነጽሩም ዙሪያውን ይጨልማል። ሰደፉን አንድ ሁለት ደረጃ ማሳጠር አቃለለው።

የሁላችንንም አፍ ያስያዘው ግን የእንጨት መከለያው ነው። ከመከለያ ጀርባ ተንበርክኮ መተኮስ ነበር ፈተናው፤ ኢላማው 25 ሜትር ላይ። አንዱ ተኳሽ በባለ ስድስቱ መነጽር ጥርት አድርጎ ያያል፤ ምላጩን ሳበ፤ የመከለያው ጠርዝ ተሰነጠቀና ስንጣሪው ከፊቱ በረረ። ተገረመ፣ ደገመ፤ ያው። መነጽሩ ከበርሜሉ መሐል 7 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ዓይን ከእንጨቱ በላይ አሻግሮ ሲያይ አፈሙዙ ገና ከእንጨቱ በታች ነው። በ50 ሜትር ዜሮ የተደረገ (በዚያ ርቀት ጥይቱ የታለመበት ላይ እንዲያርፍ የተስተካከለ) ጠመንጃ በ5 ሜትር ከታለመበት 6 ሴንቲሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል፣ በ25 ሜትር ደግሞ ወደ 3 ሴንቲሜትር። ይህ የባለ ስድስቱ ጥፋት አይደለም፤ ሬድ ዶቱም ከፍ ብሎ ከተገጠመ ያው ነው። ግን ጥበቃዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት በር ላይ፣ ከግንብና ከመኪና ጀርባ ነው፤ የዝርዝር መግለጫው ወረቀት ላይ ይህች ቁመት አልተጻፈችም ነበር።

ባለ ስድስቱ የራሱ የሆነውን ጉድ ያሳየን ረጅሙ ሜዳ ላይ ነው። በ300 ሜትር አንድ ጎበዝ ተኳሽ ደጋግሞ ከኢላማው በላይ አሳለፈ። መስቀሉ ላይ ለ300 የተሰመረችውን ምልክት በትክክል ይዟል። ሃምሳ አለቃ ጎንበስ ብሎ የማጉያውን ቀለበት አየና «ሦስት ላይ ነህ እኮ!» አለው። መስቀሉ በሁለተኛው የትኩረት ረድፍ ላይ ያለ ዓይነት ነው፤ ኢላማው ሲጎላና ሲያንስ መስቀሉ መጠኑን አይለውጥም፣ ስለዚህ ምልክቶቹ ልክ የሚሆኑት በስድስት ላይ ብቻ ነው። በሦስት ላይ ያቺ ምልክት የምትሸፍነው ማዕዘን እጥፍ ይሆናል፤ ጥይቱም እንደዚያው ሽቅብ ይሄዳል። ቀለበቱን ጥግ አድርሶ ሲደግመው መታ። በረጋ ሜዳ ላይ ይህን ማስታወስ ቀላል ነው። በሌሊት፣ በድንጋጤ፣ ቀለበቱን ማን ያያል? በዚያ ላይ ከነማሰሪያው ከግማሽ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ አንድ ላይ ሲሆንም ሬድ ዶቱ የማይጠይቀውን የጭንቅላት አቀማመጥ ይጠይቃል።

የግዢ ኃላፊው «ሬድ ዶቱ ሩቅ ላይ ምን ይረባል ታዲያ?» አሉ። ጥያቄው ደህና ነው። የመረጥነው ባለ 2 ኤምኦኤ (የማዕዘን መለኪያ ነው) ነጥብ በ100 ሜትር 6 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሸፍናል፣ በ200 ሜትር 12 አካባቢ። ሰው የሚያህል ኢላማ ለመምታት ከበቂ በላይ ነው፤ ኢላማው ማን እንደሆነና ምን እንደያዘ ለመለየት ግን አይረዳም። ለእኔ የማጉላት ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፤ ከመምታቱ ይልቅ መለየቱ። ስለዚህ ረጅሙን አጥር ለሚጠብቁት ጥቂት ሰዎች ባለ ስድስቱ ተያዘላቸው፣ ለበር ጥበቃው ሬድ ዶት፣ ዓይናቸው ለተቸገረው ሁለቱ ፕሪዝም። አባት ለዓይን ምርመራም ተላኩ።

ከቀረው ገንዘብ ጥሩ ማሰሪያና ቶርክ ሬንች (ብሎን በተለካ ኃይል የሚያጠብቅ መፍቻ) እንዲገዛ የለመንኩት እኔ ነኝ። ከሙከራ ጠመንጃዎቹ አንዱ ጥይቱን ወዲህና ወዲያ ሲበትን ሁሉም መነጽሩን ሰደበ፤ ፈትቼ ሳየው ማሰሪያው ሐዲዱ ጥርስ ውስጥ ወደ ፊት ሳይገፋ ነው የተጠበቀው፣ በእያንዳንዱ ተኩስ ይንሸራተታል። ወደ ፊት ገፍቼ አምራቹ ባዘዘው ልክ ሳጠብቀው ጥይቶቹ አንድ ቦታ ተሰበሰቡ። አሁን እያንዳንዱ ብሎን ላይ የቀለም መስመር አለ፤ ብሎኑ ከላላ መስመሩ ይሰበራልና ተረኛው ሲረከብ አይቶ ይፈርማል።

የግዢ ኃላፊው እስካሁን ለሁሉም ባለ ስድስቱ ይሻል ነበር ባይ ናቸው። የቢሯቸው መስኮት ወደ ረጅሙ አጥር ስለሚያይ ይሆናል።