ስኳርና እርግዝና፣ ከኮምቦልቻ
ኮምቦልቻ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ ስኳር ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። እናቶች «ደህና ነኝ» ብለው የሚሄዱት ለዚህ ነው። ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል፤ በባዶ ሆድ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ ሁለት ሰዓት መጠበቅ አለባት። ሳትበላ ከገጠር ለመጣች ነፍሰ ጡር ከባድ ነው። የስኳር መለኪያው ስትሪፕ (ደም የሚነካበት ቁራጭ) ሲያልቅ ደግሞ «ከውጭ ግዢ» ትባላለች። ይሄ በጣም ያበሳጨኛል።

ምግቡ ላይ ግን ብዙ መሥራት ይቻላል። ባለፈው አንዷን «እንጀራ ተዪ አልልሽም፤ ትንሽ ቀንሰሽ ሽሮውንና ጎመኑን አብዢ» አልኳት። አማቷ አብረዋት ነበሩ።

«እህል ካልበላች ልጁ በምን ይደግ?»

«እማማ፣ ስኳሩ ሲበዛ ልጁ ከልክ በላይ ይገዝፋል። ምጡ ይከብዳታል።»

ነጠላቸውን እያስተካከሉ ትንሽ አሰቡ። «ቡናውንስ እኛ በጨው ነው የምንጠጣው፤ ሻዩን ነው የምናስተዋት» አሉ። እንዲህ ዓይነት አማት ከመድኃኒት አታንስም።

ከወሊድ በኋላ ስኳሩ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ወደፊት ግን ሊመለስ ይችላል። ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባት። ልጇን በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ስታመጣ በዚያው እንድትመረመር ካርዷ ላይ እጽፍላታለሁ።