በ2004 የተከፈተው አሮጌ አይስክሬም ቤት

ፍራንክሊን ፋውንቴን የሚባለው አይስክሬም ቤት የሚገኘው በፊላደልፊያ፣ ኦልድ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ በማርኬት ጎዳና ነው። በሩን አልፎ የገባ ሰው ቤቱ መቶ ዓመት ሙሉ ሳይዘጋ የቆየ ነው ብሎ ቢምል አይፈረድበትም፤ ኮርኒሱ ቅርጽ የወጣለት ቆርቆሮ፣ ወለሉ ከጥቃቅን ንጣፎች የተዋቀረ ሞዛይክ ሲሆን፣ አስተናጋጆቹም ፓፒዮን አስረውና ቆብ ደፍተው ከባንኮኒው ኋላ ይቆማሉ። ይሁንና ራያን እና ኤሪክ በርሊ የተባሉ ወንድማማቾች አይስክሬም ቤቱን የከፈቱት በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። የቆየው ሕንጻው ነው።

አብሮኝ የነበረው በምዕራብ ፊላደልፊያ የሚኖር ጓደኛዬ ይህን ስነግረው «ታዲያ ትያትር ነዋ!» አለኝ። አባባሉ ከባድ ቢሆንም መሠረተ ቢስ አልነበረም፤ ጥቂት ያረጁ ፎቶግራፎችን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ዋጋ የሚጨምር ቤት በአሜሪካ ሞልቷል። እኔ ግን እንዲህ ያለው ቤት በልብሱና በጌጡ ሳይሆን ከባንኮኒው ኋላ በሚሠራው ሥራ ሊመዘን ይገባል ባይ ነኝ።

የቫኒላ አይስክሬም ሶዳ አዘዝሁና ቆሜ ተመለከትሁ። አስተናጋጇ በረጅም ብርጭቆ ግርጌ ሽሮፕ አፍስሳ ጥቂት ክሬም ከጨመረችበት በኋላ አንገቱ በተቆለመመው ቧንቧ ሥር አስጠጋችው። የቧንቧው እጀታ ወደ አንድ ወገን ሲሳብ ጋዝ ያለው ውሃ በርከትና ረጋ ብሎ ይወርዳል፤ ወደ ሌላው ወገን ሲገፋ ደግሞ ቀጥኖ በኃይል ይመታል። በረጋው ውሃ ብርጭቆውን እስከ አፉ ጥቂት ሲቀረው ሞላችው፤ አንድ ማንኪያ አይስክሬም ከጠርዙ ላይ ሰካች፤ ከዚያ በቀጭኑ ውሃ ውስጡን ስትመታው አረፋው ሊገነፍል እንደ ደረሰ ጀበና ሽቅብ ተነሣ። ሳይፈስ በትክክለኛው ቅጽበት እጀታውን መለሰችው። ይህ በአንድ ጀምበር የሚለመድ እጅ አይደለም።

ጋዝ ያለው ውሃ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የመድኃኒት ቤት ዕቃ ነበር። የማዕድን ውሃ ለጤና ይበጃል ተብሎ ስለሚታመን ፋርማሲስቶች በመሣሪያ እያዘጋጁ ይሸጡት ነበር፤ ሽሮፑ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሆዱ ሲነፋ አምቦ ውሃ ለሚያዝ አበሻ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በሶዳ ላይ አይስክሬም መጨመርን የጀመረው ሮበርት ግሪን እንደ ሆነ ይነገራል፤ ይኸውም በ1874 እ.ኤ.አ. በዚችው በፊላደልፊያ፣ ፍራንክሊን ኢንስቲትዩት የተባለው የሳይንስ ተቋም 50ኛ ዓመት በተከበረበት ዐውደ ርእይ ነው። ይህን ክብር ለራሳቸው የሚሉ ሌሎችም አልጠፉም። በኋላ ከ1920 እስከ 1933 እ.ኤ.አ. አልኮል በሕግ ሲከለከል ከመጠጥ ቤት የወጣው ሰው ብዙው ወደ ሶዳ ቤት ገባ።

ከተማዋ በአይስክሬም አሠራርም የራሷ ስልት አላት። የፈረንሳዮቹ አይስክሬም የእንቁላል አስኳል ይገባበታል፤ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት በነበረው በቶማስ ጄፈርሰን እጅ ተጽፎ እስከ ዛሬ የተቀመጠው የቫኒላ አይስክሬም አሠራርም አስኳል የሚጠይቅ ነው። የፊላደልፊያው ግን ክሬም፣ ስኳርና ቫኒላ ብቻ ስለሆነ የወተቱ ጣዕም ሳይሸፈን ጎልቶ ይወጣል፣ ምላስም ላይ አይከብድም። (እንቁላል የለውም ማለት የጾም ነው ማለት እንዳልሆነ ለወዳጆቼ ላሳስብ፤ እኛ የሄድነው የፍስክ ቅዳሜ ነው።) በእጅ የሚዘወረውን አይስክሬም መሥሪያ በ1843 እ.ኤ.አ. በስሟ ያስመዘገበችው ናንሲ ጆንሰንም የዚሁ ከተማ ሰው ነበረች። መሣሪያው የሚሠራው በቀላል ዘዴ ነው፦ ጨው የተጨመረበት በረዶ ሲቀልጥ ከዜሮ ዲግሪ በታች ስለሚወርድ በመካከሉ ያለውን ክሬም ያረጋዋል።

ጓደኛዬ ያዘዘው ማውንት ቬሱቪየስ የሚባለውን፣ ብራውኒ የሚሉት የቸኮሌት ኬክ የተከመረበትንና ትኩስ ቸኮሌት የሚፈስበትን አይስክሬም ነበር። ለእኔ ጣፋጭነቱ ከልክ አልፏል፤ እሱ ግን ትያትሩን ረስቶ ሳህኑን ጠረገው። ወንድማማቾቹ በዚያው ጎዳና አጠገባቸው ያለውን ሼን የተባለ የከረሜላ ቤትም በ2010 እ.ኤ.አ. ተረክበው አድሰውታል፤ እዚያ ቤት ከረሜላ ሲሸጥ የቆየው ከ1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። አይስክሬም ቤቱ ጠባብ ስለሆነ በበጋ ማታ ሰልፉ መንገድ ላይ ይወጣል። አይስክሬሙን በካርቶን አስይዞ እየበሉ መሄድ ይቻላል፤ ሶዳው ግን አረፋው ሳይተኛ እዚያው መጠጣት ስላለበት፣ እሱን የፈለገ ሰው ከሰዓት በኋላ በጊዜ ቢደርስ ይሻለዋል።