ጎንደር ለጥምቀት የትኛውን ካሜራ ይዤ ልሂድ?

ባለፈው ጥር 11 ቀን ማለዳ፣ ጎንደር በሚገኘው የአፄ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ዳር ቆሜ፣ ከጓደኛዬ የተዋስኩትን ካሜራ በነጠላ ጠቅልዬ ሆዴ ላይ አጥብቄ ይዤው ነበር። ጸሎቱ ደርሶ ውኃው ከተባረከ በኋላ ጠበሉ በሕዝቡ ላይ መረጨት ሲጀምር፣ ወጣቶቹም ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ሲገቡ፣ እኔ የሰው ዕቃ እንዳይበላሽብኝ ጀርባዬን ለውኃው ሰጥቼ ቆምኩ፤ ያ ሁሉ በኋላዬ አለፈ። ጠበሉ ደርሶኛል፣ ፎቶው ግን አልደረሰኝም። የሚገርመው ከዚያ በፊት በነበረው የከተራ ሌሊት፣ በጧፍ ብርሃን በዚያው ካሜራ ያነሳኋቸው የምእመናን ፊቶች እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ናቸው። ሌሊቱን የሰጠኝ ካሜራ ንጋቱን ነፈገኝ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴን ካሜራ ለመግዛት ገንዘብ ሳጠራቅም ቆይቻለሁ። በታኅሣሥ ወር ከአሜሪካ የምትመጣው ታላቅ እህቴ በሻንጣዋ ይዛልኝ ትመጣለች፤ የሰበሰብኩት ገንዘብ ግን ለአንድ ካሜራ እንጂ ለሁለት አይበቃም። እህቴም በየሳምንቱ ስትደውል «ወንድሜ፣ የቱን ልግዛልህ? ወስን እንጂ» ማለቷን አልተወችም። ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ለእርሷ መልስ ለመስጠት ሲሆን፣ ሐሳቡ ሲረዝምብኝ እዚህ ላሰፍረው ወደድኩ።

ለምርጫ የቀረቡልኝ ሁለት ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ካኖን ኢኦኤስ አር50 ሲሆን፣ ሌንሱ የሚቀያየር፣ ለጀማሪዎች የተሠራ ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ነው፤ 18-45 ከሚባለው ሌንሱ ጋር ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 800 ዶላር ገደማ ነበር። ሁለተኛው በዚያው ዓመት የወጣው ኦኤም ሲስተም ቲጂ-7 ነው፤ እስከ 15 ሜትር ጥልቀት ውኃ የማያስገባ፣ ከ2.1 ሜትር ከፍታ ቢወድቅ እንዲቋቋም የተሠራ፣ ኪስ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ካሜራ ሲሆን፣ ሲወጣ ዋጋው 550 ዶላር ገደማ ነበር። ስሙ እንግዳ ለሆነባችሁ፣ ይህ ቀድሞ ኦሊምፐስ እየተባለ የምናውቀው ነው፤ ኦሊምፐስ የካሜራ ሥራውን እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ለሌላ ኩባንያ ስላስተላለፈ ስሙ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ቲጂ-6 ጋር ሲነጻጸር ለውጡ ጥቂት ነው፤ ዋናው የቻርጀሩ ቀዳዳ አሁን ስልኮቻችን ወደሚጠቀሙበት ወደ ታይፕ-ሲ መዛወሩ ነው።

ካሜራ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ስጠይቀው መጀመሪያ የሚለኝ «ሴንሰሩን እይ» ነው። እውነት ነው፤ ብርሃኑን የሚቀበለው የአር50 ሴንሰር 22.3 በ14.9 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የቲጂ-7 ግን 6.17 በ4.55 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በስፋት ሲሰላ የመጀመሪያው ከሁለተኛው 12 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህን ቁጥር የሰማ ሰው ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ ቢል አይፈረድበትም፤ እኔም ብዬ ነበር። ነገር ግን ብርሃን ወደ ሴንሰሩ የሚደርሰው በሌንሱ በኩል ስለሆነ፣ ሌንሱ ምን ያህል ይከፈታል የሚለው ጥያቄ አብሮ መነሣት አለበት። ይህ በኤፍ ቁጥር ይለካል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የበለጠ ተከፍቷል ማለት ነው። ከአር50 ጋር የሚመጣው ሌንስ በሰፊው ጫፉ፣ ማለትም ብዙ ቦታ በሚያሳይበት በኩል፣ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 4.5 ብቻ ሲሆን፣ ቲጂ-7 እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። በዚህ ልዩነት ምክንያት የትንሹ ካሜራ ሌንስ በእያንዳንዱ የሴንሰር ነጥብ ላይ አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያሳርፋል። ሁለቱን ስናካፍላቸው የ12 እጥፉ ብልጫ ወደ ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ ወደማይሞላ ብልጫ ይወርዳል። ማለትም 800 ዶላር ከፍሎ፣ ሌንሱን ሳይቀይር፣ በሰፊው ጫፍ በጨለማ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ያሰበውን ያህል ትርፍ አያገኝም። ወደ ቀረብ ወዳለው ጫፍ ሲሄድ ብልጫው እንደገና ከፍ ይላል፤ ያኔም ቢሆን ትንሹ ካሜራ የበለጠ አቅርቦ ያያል፤ በድሮው የፊልም ልኬት ሲቆጠር (ቁጥሩ ሲጨምር ሌንሱ ይበልጥ ያቀርባል) የቲጂ-7 ሌንስ ከ25 እስከ 100 ሚሊሜትር ሲደርስ፣ የአር50 ሌንስ ከ29 እስከ 72 ላይ ይቆማል።

ታዲያ የከተራዎቹ ፎቶዎች እንዴት እንዲያ አማሩ? ጓደኛዬ ካሜራውን ያዋሰኝ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.8 ከሆነ ሌንስ ጋር ነበር። ይህ ሌንስ 160 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ካኖን ከሚሸጣቸው ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ በትልቁ ሴንሰር ላይ ሲገጠም ከቲጂ-7 ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ወደ 15 እጥፍ ይደርሳል። የጧፍ ብርሃን ያረፈበት ፊት ጥርት ብሎ፣ ከበስተጀርባው ያለው ሕዝብ ወደ ወርቃማ ክብ ክብ ብርሃን የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው። የሚረርለስ ካሜራ ጥቅም ካሜራው ራሱ ሳይሆን ነገ ልገጥምበት የምችለው ሌንስ ነው የምለውም ለዚህ ነው፤ ሌንስ ለመጨመር የማያስብ ሰው ለማይከፍተው በር ቁልፍ የገዛ ያህል ነው። በአዲስ አበባ የማውቃቸው የሰርግ ፎቶ አንሺዎች ደግሞ አብዛኞቹ የካኖን ሌንስ ያላቸው በመሆኑ፣ የድሮዎቹን ሌንሶች የሚያገናኘውን አዳፕተር ብቻ ገዝቼ አልፎ አልፎ መዋስ እችላለሁ።

50 ሚሊሜትሩ ግን ጉድለት አለበት። በአር50 ላይ ሲገጠም እይታው እንደ 80 ሚሊሜትር ስለሚጠብ በጠባብ ቦታ አያሠራም፣ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያርም ነገርም የለውም፤ በካሜራው አካል ውስጥም የለም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን የመላእክት ፊቶች ለማንሣት የሚሻለው ያ ያቃለልኩት 18-45 ሌንስ ነው፤ እርሱ መንቀጥቀጥን ስለሚቆጣጠር፣ ሥዕል ደግሞ ስለማይንቀሳቀስ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ) አዘግይቶ ያለ ፍላሽ ማንሣት ይቻላል። ቲጂ-7ም የራሱ የመንቀጥቀጥ መቆጣጠሪያ ስላለው በዚህ ቦታ እምብዛም አይበለጥም። የሚበለጠው የሚንቀሳቀስ ሰው በጨለማ ሲመጣበት ነው።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ። «ውኃ አያስገባም» የሚለው ቃል ከሚመስለው በላይ ቅድመ ሁኔታ አለው። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ ያለ ካሜራ ነበረው፤ የማን ምርት እንደሆነ መጥቀሱ አይጠቅምም፣ ጥፋቱም የካሜራው አልነበረም። ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ሚሞሪ ካርድ ሲቀይር በባትሪው በር ዙሪያ ካለው የጎማ ቀለበት ላይ ጥቂት አሸዋ ተጣብቆ ቀረ፤ በሩ የተዘጋ መሰለው፤ ከገባበት ሲወጣ ግን በስክሪኑ ውስጥ ውኃ ይንቀሳቀስ ነበር። እነዚህ ካሜራዎች ውኃውን የሚከለክሉት በዚያ ቀጭን ጎማ ነው፤ አንድ ፀጉር ይበቃዋል። ጎማው በየጊዜው መቀየር አለበት፣ ካሜራው ክፉኛ ከወደቀ በኋላም ውኃ አያስገባም ብሎ መተማመን አይቻልም። እኔ ባለሁበት ከተማ ያንን ጎማ አውጥቶ የሚቀይርና እንደገና የሚፈትሽ ሰው ፈልጌ አላገኘሁም። «ስልክህስ ውኃ አይችልም ወይ?» ለምትሉኝም መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ ስክሪኑ መንገድ ዳር አንዴ ከተቀየረ ወዲህ ከዝናብም አላስጠጋውም።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ወደ ድሮ ፎቶዎቼ ገባሁ። ሐሳቤ የተበላሹትን እየለየሁ ምን እንዳበላሻቸው መመዝገብ ነበር። ከላሊበላ፣ ከዘጌ ገዳማት፣ ከሰርግና ከለቅሶ ቤት የተሰበሰቡት ብዥ ያሉ ፎቶዎች አብዛኞቹ የጨለማ ሰለባዎች ሆነው አገኘኋቸው፤ በውኃ ምክንያት የተበላሸ አንድም አልነበረም። ሚረርለሱ አሸነፈ ብዬ ለእህቴ ልደውል ስል ግን የቆጠራዬ ስሕተት ታየኝ። ጨለማ ያበላሸው ፎቶ ብዥ ብሎም ቢሆን ስልኬ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውኃ የከለከለኝ ፎቶ ግን ከመጀመሪያውም ስላልተነሣ ምልክት አይተውም። ካሜራውን በነጠላ ጠቅልዬ የቆምኩበት ያ ማለዳ በመዝገቤ ውስጥ ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ደግሞ አይቆጠርም።

ስለዚህ ፎቶዎቹን ትቼ ቀኖቹን መቁጠር ጀመርኩ። በዓመት ውስጥ ካሜራ ይዤ ከውኃ አጠገብ የምደርስባቸው ቀናት የትኞቹ ናቸው? አንደኛው ጥምቀት ነው። ሁለተኛው ከልጆች ጋር ላንጋኖ የምንሄድባቸው ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ላንጋኖ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ግን የሐይቁ ውኃ ቡናማ ስለሆነ ከውስጡ የራስን እጅ እንኳ ማየት ያስቸግራል፤ 15 ሜትር የሚጠልቅ ካሜራ እዚያ ምን ሊያነሣ? ሦስተኛው ክረምቱ ሲሆን እርሱን በጃንጥላ እንወጣዋለን። ጅዳ ወይም ኤይላት የምትኖሩና ከቀይ ባሕር ኮራል አጠገብ የምትዋኙ ከሆነ ስሌታችሁ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳላመነታ ቲጂ-7ን እገዛ ነበር። ለእኔ ግን የሚያስፈልገኝ የሚጠልቅ ካሜራ ሳይሆን፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል፣ የሚረጭ ውኃ የሚችል ካሜራ ነው።

ቲጂ-7ን እንዲህ ስተወው ቅር ሳይለኝ አይደለም። ጅማ አካባቢ በቡና ተክል ጥበቃ የሚሠራው ታናሽ ወንድሜ የመሥሪያ ቤቱን ቲጂ-6 ይዞ ሲመጣ የቡና ቅጠል ጀርባ ላይ የወጣውን፣ ብጫ ዱቄት የመሰለውን በሽታ አንድ በአንድ ብናኙ እስኪለይ ድረስ አንሥቶ አሳየኝ። ይህ ካሜራ ከሌንሱ አንድ ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ያለን ነገር ፎከስ ማድረግ ይችላል፤ እንዲህ መቅረብ ከእኔ ሌንሶች በአንዳቸውም አይታሰብም። ፎቶው የተነሣበትን ቦታ በጂፒኤስ ይመዘግብለታል፤ ጭቃ ሲነካው በቧንቧ ውኃ ያጥበዋል። እጁ ሲረጥብና ሲጨቀይ የሚጫነው ቁልፍ ስለሆነ፣ ስክሪኑ በጣት የማይታዘዝ መሆኑን እንደ ጉድለት አይቆጥረውም። የሚያማርረው አንድ ነገር ቢኖር ቪውፋይንደር (ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮት) ስለሌለው እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ ምን እያነሣ እንደሆነ በደንብ አለማየቱ ነው። ወንድሜን የቱን ልግዛ ብዬ ስጠይቀው «አንተ የሰው ፊት ነው የምትወደው፣ እኔ ቅጠል ነው የማየው፤ ምን ያከራክረናል?» አለኝ።

ስለዚህ ለእህቴ አር50ን ከ18-45 ሌንሱ ጋር እንድታመጣ ነግሬያታለሁ፤ 50 ሚሊሜትሩን ገንዘብ ሲገኝ እጨምራለሁ፣ ለዘንድሮው ከተራ ግን ከጓደኛዬ ሌንሱን ብቻ እዋሳለሁ። ከባትሪና ከካርድ ጋር ካሜራው 375 ግራም፣ ሌንሱ 130 ግራም ስለሚመዝኑ ሌሊቱን ሙሉ አንገቴ ላይ ቢውል አይከብደኝም። በበጋው አቧራ መሐል ሌንስ ስቀይር ሴንሰሩ ስለሚጋለጥ የምቀይረው ቤት ውስጥ ብቻ እንዲሆን ለራሴ ደንብ አውጥቻለሁ፤ ማለትም ሌሊቱ በ50፣ ንጋቱ በ18-45 ይሆናል። ከዘላዮቹ ርቄ በረጅም ሌንስ ላንሣቸው የሚል ምክርም ደርሶኛል። ደኅንነቱ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን እኔ የምፈልገው ውኃው የደረሰበት ሰው ያነሣውን ፎቶ ነው፤ ከሩቅ የተነሣው ይህን አይሰጠኝም።

አር50 ከውኃም ሆነ ከአቧራ የሚከላከል ምንም መሸፈኛ ስላልተሠራለት የሚቀረው የፌስታል ዘዴ ነው። ወፍራም ፌስታል ወስዶ ለሌንሱ ልክ ቀዳዳ ማበጀት፣ ቀዳዳውን በሌንሱ ዙሪያ በገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ ማሰር፣ ከሌንሱ ፊት ቀላል የመስታወት ፊልተር ማድረግ፣ እጅን ደግሞ ከታች ባለው አፍ ማስገባት ነው። ካሜራው ገና ስላልመጣ ባለፈው እሑድ ሙከራውን የሠራሁት በካሜራው ልክ በተቆረጠ ካርቶን ነው፤ ካርቶኑን በሶፍት ጠቅልዬ ፌስታሉ ውስጥ ከተትኩትና ልጄ ከላይ በጆግ ውኃ አፈሰሰችበት። ሶፍቱ ከሞላ ጎደል ደረቅ ሆኖ ሲገኝ፣ ላስቲኩ በላላበት በኩል አንዲት ጥግ ብቻ ርሳ ነበር። አሁን በሁለት ላስቲክ እያሰርኩት ነው።