ቲኤስኤች ሲጨምር ታይሮይድ ቀንሷል ማለት ነው

ደሴ ላይ «ይበርደኛል» ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ማን የማይበርደው አለ! እኔንም ሐኪሙ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ምርመራ ያዘዘልኝ በብርዱ ሳይሆን በድካሙ፣ በሆድ ድርቀቱና ምግብ ሳልጨምር በሚጨምረው ክብደቴ ነው።

ውጤቱ ቲኤስኤች (ታይሮይድን ሥራ የሚያዝ ሆርሞን) 14፣ ፍሪ ቲ4 (ታይሮይድ ራሱ የሚያመርተው ሆርሞን) ደግሞ 0.7 ይላል። ጎረቤቴ ወረቀቱን አየችና «ወዬ! 14? እንቅርትሽ ከልክ በላይ እየሠራ ነዋ» አለች። ነገሩ ግን ግልባጩ ነው። ቲኤስኤች ከታይሮይድ አይመጣም። የሚያመነጨው ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ናት። እሷ እንደ አለቃ ናት፤ ታይሮይድ ሲለግም ትጮህበታለች፣ ሲያበዛው ዝም ትላለች። ስለዚህ ቲኤስኤች ወጥቶ ቲ4 ከወረደ ዕጢው ሰንፏል። ቲኤስኤች ወርዶ ቲ4 ወይም ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን ቲ3 ከወጣ ደግሞ ከመጠን በላይ እየሠራ ነው። ቲኤስኤች ትንሽ ጨምሮ ቲ4 ልክ ከሆነ ብዙ ጊዜ ምርመራው ይደገማል እንጂ ወዲያው መድኃኒት አይጀመርም።

እኔም መድኃኒት ከመጀመሬ በፊት ይደገም ተባለ። ለሥራ ኮምቦልቻ ስወርድ እዚያው አስደገምኩት። ቲኤስኤች ያው ነው፤ ፍሪ ቲ4 ግን 9! ከ0.7 ወደ 9 ዘለለ? አልዘለለም። የደሴው በናኖግራም በዴሲሊትር፣ የኮምቦልቻው በፒኮሞል በሊትር ነው የተጻፈው። የመጀመሪያውን በ12.87 ስታበዙት 9 ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ከቁጥሩ በፊት መለኪያውንና ጎኑ ላይ የተጻፈውን መደበኛ ልክ አያለሁ። የቲኤስኤች ልክ በብዙ ቦታ ከ0.4 እስከ 4 ገደማ ነው፤ ለነፍሰ ጡር ግን ይለያል።

የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን ተጀመረልኝ። በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። ወሎ ውስጥ ጠዋት ቡና ቀርቦ «ቆይ» ማለት ከመድኃኒቱ ይከብዳል። የደም ማነስ የብረት እንክብልና ካልሲየም ደግሞ 4 ሰዓት ይራቁ። የመድኃኒቱ መጠን ሲቀየር ቲኤስኤች የሚለካው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ቶሎ ብትለኩት ገና አልተረጋጋም።

ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጥ ባዮቲን የምትወስዱ ካላችሁ ከምርመራው በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። በአንዳንድ ማሽን ላይ ቲኤስኤችን አሳንሶ፣ ቲ4ን አብዝቶ ያሳያል።